ጠገራ ብር እጅ ሲገባ

በሰሜን ሸዋ የቆየ ሣጥን ውስጥ ወይም ከአያት በወረደ ድሪ ላይ ጠገራ ብር መገኘቱ የሚያስገርም አይደለም። ከአንኮበር ቁልቁል ያለው አልዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሲራራ ነጋዴ ገበያ ነበር፤ ጠገራው፣ ማለትም ማርትሬዛው፣ እንደ ገንዘብ የሚያገለግለው የጨው ቡሎ አሞሌም ከዚያ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። ችግሩ የሚመጣው የተገኘው ምን እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዓመቱን አይቶ ነው። ምስሏ ብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ቪየና፣ ቬኒስ፣ ሚላን፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ቦምቤይ፣ ከ1935 ጀምሮ ደግሞ ሮም ያንኑ 1780 የሚል ብር እያተሙ ቀጥለዋል። «ከ240 ዓመት በላይ የሆነው ነው» የሚል ሻጭ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ የወጣ ብር ይዞ ሊሆን ይችላል። ለብቻው ሊቀመጥ የሚገባው ከ1780 ሌላ ዓመት የተጻፈበት፣ ወይም ከምስሏ ሥር ከተለመዱት የኤስ እና የኤፍ ፊደላት ሌላ ያለበት ነው።

መጀመሪያ ሚዛን። እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ የወርቅ ሚዛን ይበቃል። ያልተነካ ማርትሬዛ 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ስፋቱ ወደ 40 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 2.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከሺህ 833ቱ ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። እጅ ለእጅ ሲዞር የኖረ ትንሽ ሊቀንስ ይችላል፤ የተበሳ ደግሞ የበለጠ ይቀንሳል። ለማንጠልጠያ ጆሮ የተበየደለት ከሆነ ክብደቱ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

ማግኔት ብዙም አትመኑ። ብረት ያለበትን ይይዛል እንጂ እርሳስም፣ ናስም፣ መዳብም እንደ ብር ሁሉ አይሳቡለትም።

የሚያስተማምነው የውኃ ፈተና ነው። ውኃ ያለበትን ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አድርጋችሁ ወደ ዜሮ መልሱት። ብሩን በቀጭን የስፌት ክር አንጠልጥላችሁ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ አስገቡት፤ ታቹንም ጎኑንም እንዳይነካ። ሚዛኑ 2.75 ግራም አካባቢ ማሳየት አለበት። ደረቁን ክብደት በዚህ ስታካፍሉ 10.2 ገደማ ይወጣል፤ የዚህ ብርና መዳብ ቅልቅል እፍጋት ይኸው ነው። ናስ 8.5 አካባቢ፣ እርሳስ ከ11 በላይ ይሰጣል። ውጤቱ ዝቅ ካለ ፊቱ ላይ የተጣበቀ የአየር አረፋ አለመኖሩን አረጋግጡና ድገሙት፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አረፋው ነው። የዚህ ፈተና ጥቅሙ ለተበሳ ብርም መሥራቱ ነው፤ ክብደቱ ቢቀንስም ድርሻው አይለወጥም። ጆሮ የተበየደለት ላይ ግን ብየዳው ቁጥሩን ትንሽ ያዛባዋል።

ቀጥሎ ጠርዙን በአጉሊ መነጽር እዩ፤ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። የማርትሬዛ ጠርዝ ላይ «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ» የሚለው የላቲን ጽሑፍ ከጌጥ ጋር ጎልቶ ይነበባል። ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ሐሰተኛ ግን ጠርዙን ዙሪያውን የሚዞር የመጋጠሚያ መስመር ይኖረዋል፣ ወይም መስመሩን ለማጥፋት የሞረዱበት ጭረት፤ ፊደሎቹም ጥጋቸው የቀለጠ ይመስላል፣ ምስልና ጽሑፍ የሌለበት ሜዳውም በጥቃቅን ጉድጓድ ይሞላል። ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ደግሞ ተመልከቱ፦ ዙሪያው 9 ዕንቁ አለው። የዱሮ ነጋዴዎች ይህን ቆጥረው ነበር የሚቀበሉት። እዚያ ላይ ያለው ፍቀት ብሩ ምን ያህል እንደተዘዋወረ ከየትኛውም ቦታ ይልቅ ይናገራል።

የምኒልክ ብር ሌላ ጉዳይ ነው። በ1885 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ የተፈቀደ ሲሆን ፓሪስ ታተመ፤ ክብደቱም ከማርትሬዛ ጋር እንዲተካከል ተደርጎ 28.075 ግራም፣ ከሺህ 835 ብር ሆነ። ገበያው ግን የለመዳትን ሴትዮ አልለቀቀም። ዓመቱ በግእዝ ቁጥር ስለሆነ ፲፰፻፹፯ ማለት 1887 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ 1894/95 ይሆናል። ይህን ያልተገነዘበ ሰው ካታሎግ ውስጥ የተሳሳተ ዓመት ሲያስስ ይውላል። የመጨረሻው አኃዝ ከተፋቀ ፹፯ ይሁን ፹፱ ለመለየት ይቸግራል፤ ብሩን ከካታሎጉ ሥዕል ጋር አመሳክሩ። ለጎብኚ የሚሸጥ አስመሳይ የምኒልክ ብር ስለሚበዛ የውኃውን ፈተና ያላለፈ አትግዙ። ግማሽ ብሩ አላድ፣ ስምንተኛው ተሙን ነው የሚባለው፤ በእነዚህም ላይ ያው የውኃ ፈተና ይሠራል።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደው ግን በአመድና በሎሚ መፈተግ ነው። ዘመን ያመጣው ጥቁረት ብሩን አይጎዳም፣ ፍተጋው ግን የፊቱን ቆዳ ይገፋል፣ ሰብሳቢም ያን ጭረት አይቶ ዋጋውን ይጥላል። የጭስ ጥላሸት ከሆነ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ሳታሹ ዘፍዝፉት፣ በጥጥ ጨርቅ ተጭናችሁ አድርቁ። አረንጓዴው ከመዳቡ የወጣ ዝገት ነው፤ በጥርስ መፈቅፈቂያ ቀስ ብላችሁ አንሡት። ፒቪሲ የሆነ ለስላሳ የፕላስቲክ ኪስ ውስጥ አታስቀምጡ፤ ከጊዜ በኋላ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ቅባት ያወጣል።

በእርሻ ወይም በመሠረት ቁፋሮ ከነማሰሮው ከወጣ ግን አትከፋፈሉት፣ አትጠቡት። በቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ መነገር አለበት፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ስታስታውቁ ማሰሮው ያለበትን ቦታ ከነአፈሩ ፎቶ አንሥታችሁ ሂዱ።