በኪቦርድ ቁልፍ የሚነሳ ከበሮ

ደሴ ላይ ከመሰንቆ ተጫዋቾችና ከድምፃውያን ጋር ሙዚቃ ስቀርጽ ከሁሉ አብልጦ የሚያሳስበኝ የከበሮው አገባብ ነው። የወሎ ዘፋኝ፣ በተለይ በአምባሰልና በባቲ ቅኝት ሲያዜም፣ ስሜቱ እንደመራው የስንኙን መጨረሻ ያስረዝማል ወይም ይቆርጣል። ከመነሻ እስከ መድረሻ ተዘርግቶ የተቀመጠ የከበሮ ሉፕ (እየተደጋገመ የሚሄድ ምት) ይህን ሊከተል ስለማይችል ዘፋኙ ለማሽኑ ይገዛል፤ ይህ ደግሞ የዜማውን ነፍስ ይወስዳል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ምቱን በአጫጭር ፓተርኖች (የምት ቅርጾች) ከፋፍዬ እያንዳንዱን በአንድ የኪቦርድ ቁልፍ አስነሳለሁ።

ኪቦርዱ ከሶፍትዌሩ ጋር የሚነጋገርበት ሚዲ የተባለው ቋንቋ ራሱ ድምፅ አይሸከምም። የትኛው ቁልፍ እንደተነካና በምን ያህል ኃይል እንደተመታ ከ0 እስከ 127 ባለው ቁጥር ይናገራል፤ ቁልፉ አንዲት ምት ያሰማ ወይም ሙሉ ፓተርን ያስነሳ የሚወስነው ተቀባዩ ሶፍትዌር ነው። ጄኔራል ሚዲ በተባለው የተለመደ የድምፆች አደላደል ከበሮ በ10ኛው ቻናል ሲቀመጥ 36 ቁጥር የቤዝ ድራም (ወፍራም ድምፅ ያለው ትልቅ ከበሮ)፣ 38 የስኔር (ስል ድምፅ ያለው ትንሽ ከበሮ) ነው። እኔም የከበሮውን ሰፊ ፊት በ36፣ ጠባቡን በ38 አስቀምጣለሁ፤ ሌላ ሰው የሠራው ፓተርን ሲመጣልኝ ያለ ብዙ ድካም በእኛ ከበሮ ይሰማል። ለእያንዳንዱ ፊት በለስላሳና በጠንካራ ምት ለየብቻ የተቀረጸ ድምፅ መጫን ግን ግድ ነው፤ ከበሮ በኃይል ሲመታ ድምፁ መጉላት ብቻ ሳይሆን ጠባዩም ይለወጣልና።

ዋናው ነገር ፓተርኑ መቼ ይነሳ የሚለው ነው። አብልተን ላይቭ የተባለው የሙዚቃ ሶፍትዌር ቁልፉ ከተነካ በኋላ ፓተርኑን እስከሚቀጥለው ባር (የምት ዙር) መጀመሪያ ማቆየት ይችላል፤ ይህ ለብዙ ዘፈን ይበቃል። በ6/8 (በአንድ ባር ስድስት ስምንተኛ ኖት) ለሚሄደው ችክችካ ለተባለው ምት ግን ዘፋኟ በባሩ አጋማሽ ላይ ስትመለስ ከበሮውም እዚያው መግባት አለበት። የሚዲ ሰዓት በአንድ ሩብ ኖት 24 ጊዜ ስለሚመታ የ6/8 ባር 72፣ አጋማሹ 36 ትርታ ይሆናል። ሶፍትዌሩ ለፓተርኑ መነሻ ከሚሰጣቸው ምርጫዎች ውስጥ ግማሽ ኖት 48፣ ሩብ ኖት ደግሞ 24 ላይ ስለሚወድቁ ሁለቱም ቦታውን ይስታሉ። ስምንተኛ ኖት 12 ትርታ በመሆኑ 36ን ያገኘዋል፤ ስለዚህ እሱን እመርጣለሁ። ከዚህ ጋር ሌጋቶ የተባለውን አማራጭ እከፍታለሁ፤ አዲሱ ፓተርን ከራሱ መጀመሪያ ሳይሆን የቀደመው ከደረሰበት ቦታ ስለሚቀጥል ምቱ አይሰበርም።

ድምፃዊቷ የመጨረሻዋን ፊደል ስታስረዝም ሰፊው ፊት ብቻ የሚሰማበትን ሳሳ ያለ ፓተርን አቆያለሁ። መሰንቆው መልስ መስጠት ሲጀምር የጠባቡን ፊት እጨምራለሁ፤ እሷ ስትመለስ ደግሞ ሙሉውን አስገባለሁ። ይህን ለማድረግ ዓይኔ ከስክሪኑ ይልቅ እሷ ላይ መሆን አለበት፣ ትንፋሿን ስትስብ ነው ጣቴ የሚዘጋጀው። ጭብጨባውን ግን ለቁልፍ አልሰጥም። አምስት ስድስት ሰው አንድ ላይ ሲያጨበጭብ እጆቹ በጥቂቱ እየተቀዳደሙ የሚያርፉበትን ስፋት በናሙና ድምፅ ማግኘት ስለማይቻል፣ ከበሮው ካለቀ በኋላ ሰዎቹን ማይክራፎን ፊት አቁሜ እቀርጸዋለሁ።