ሃያ አራቱ ዙሮች የት ሄዱ?

ስልኬ ላይ የ10,000 ሜትር ሩጫ በመጣ ቁጥር የማየው የመጨረሻውን ዙር ብቻ ነው። ደወሉ ይደወላል፣ ከሥር ማሲንቆ ይገባል፣ ባንዲራ ይውለበለባል፣ በቃ። ከ25 ዙር 24ቱን ቆርጦ የጣለ ቪዲዮ ሩጫ አይባልም ባይ ነኝ።

የሲድኒውን እንውሰድ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። በ2000 ኃይሌ ገብረሥላሴ በ27:18.20፣ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት በ27:18.29 ገቡ። ልዩነቱ 0.09 ሰከንድ! በዚያው ኦሎምፒክ በወንዶች 100 ሜትር አንደኛና ሁለተኛው የተለያዩት በ0.12 ነበር። ቪዲዮው ይህን ያሳያል፣ ይገባዋልም። ቴርጋት ለምን እስከዚያች ደቂቃ አድፍጦ እንደቆየ ግን አያሳይም። ከአራት ዓመት በፊት በአትላንታ ሩጫው ገና ብዙ ሲቀረው ፍጥነት ጨምሮ ሊገነጠል ሞክሮ ኃይሌን ማራገፍ አቅቶት ነበር። ሲድኒ ላይ ከ300 ሜትር በታች እስኪቀር የጠበቀው ለዚህ ይመስለኛል። የዙሩ አማካይ ደግሞ 65.5 ሰከንድ ገደማ ነበር። በዚህ አካሄድ መጨረሻ ላይ የሚፈተለክ ሯጭ አይደክምም።

ስለዚህ ሩጫ የሚወድ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው እርሳስና ወረቀት ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ ዙሩ በ60 ሰከንድ ቢሄድ 25 ደቂቃ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ በየዙሩ የምትጨመር እያንዳንዷ ሰከንድ መጨረሻ ላይ 25 ሰከንድ ትሆናለች። 63 ከሆነ 26:15፣ 64 ከሆነ 26:40፣ 65 ከሆነ 27:05። ይህን የያዘ ሰው አስተያየት ሰጪው «እየፈጠኑ ነው» ሲል ይፍጠኑ አይፍጠኑ ራሱ ያውቃል። መሪው መጨረሻው መስመር ላይ በደረሰ ቁጥር ሰዓቱን ጻፉ። 65፣ 65፣ 68፣ 62 የሚል ካያችሁ አንድ ሰው መሪነቱን ለሌላ ለመስጠት ፍጥነት ቀንሶ፣ የሚቀበለው ሲያጣ ወይም ሌላው ሲነጥቀው ሩጫው ተቆራርጧል ማለት ነው። በዚህ መቆራረጥ ብዙ የሚጎዳው ከኋላ ያለው ነው፤ ፊት ያለው ቀስ ብሎ ሲጨምር እሱ ክፍተት ለመዝጋት በድንገት መሮጥ አለበት።

ሁለተኛው የማየው ነገር እግር ሳይሆን መስመር ነው። በሁለተኛው መስመር ሙሉ ዙር የሮጠ ሰው ከመጀመሪያው መስመር ሯጭ 7 ሜትር ያህል ይረዝምበታል። በ64 ሰከንድ አካሄድ ይህ ከአንድ ሰከንድ ትንሽ ይበልጣል። አሥር ዙር ውጭ ውጭውን የሄደ 70 ሜትር ተጨማሪ ሮጧል፤ ከዚያ መጨረሻ ላይ «አቅም አነሰው» ይባላል። ግን ውስጡም ነጻ አይደለም። ውስጡን ይዞ ከመሪው ጀርባ የተደበቀ ሰው ሜትር ይቆጥባል፤ ሌሎች ሊያልፉ ሲነሱ ግን በጎን ተዘግቶበት መውጫ ያጣል። ጎበዝ ሯጭ ሁለት ሦስት ዙር ሲቀር ወጣ ብሎ የምታዩት የሜትሩን ዕዳ አውቆ ነው።

የቴሌቪዥኑ ነገር ያናድዳል። ሩጫው መሃል ሲደርስ ካሜራው ጦር ውርወራ ሊያሳየን ይሄዳል። መላ አለው፦ ሲሄድ 9 ዙር ቀርቶ ሰዓቱ 17:05፣ ሲመለስ 5 ዙር ቀርቶ 21:27 ከሆነ፣ 262 ሰከንድን ለ4 አካፍሉ። 65.5። ከዚያ በፊት ዙሩ 64 ነበር፤ ስለዚህ ባላየናቸው ዙሮች ቀዝቅዘዋል። ከተመለሳችሁ በኋላ ሰው ብዛት ቁጠሩ፤ ቀዝቅዞም ቡድኑ ከሳሳ አንድ ሰው መሃል ላይ ማርሽ ቀይሮ ነበር።

የፓሪሱን የ2024 ሽንፈት ሰው ሁሉ በመጨረሻው ዙር ነው የሚያማው። የእኛ ልጆች፣ በሪሁ አረጋዊ፣ ሰለሞን ባረጋና ዮሚፍ ቀጄልቻ፣ መሪነቱን እየተቀባበሉ ፍጥነቱን ከፍ አድርገውት ነበር። ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌይ በ26:43.14 አሸነፈ፣ በሪሁ በ26:43.44 ሁለተኛ ሆነ። ከአሥር በላይ ሯጮች የቀነኒሳን የቤጂንግ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን (27:01.17) አሻሽለው ገቡ። እንደኔ እቅዱ መጥፎ አልነበረም፤ ቁጥሩ ነው ያነሰው። የዙሩ አማካይ 64.1 ነበር። እንደ ቼፕቴጌይ 26:11 ለሮጠ ሰው ይህ ከአቅሙ በታች ነው። ለማድከም ከተነሱ እስኪያደክም መሄድ ነበረባቸው፤ ወይም እንደ ማዕበል አንዱን ዙር 61፣ ቀጣዩን 66 ማድረግ። እኩል የሚሄድ ፈጣን ሩጫ ለተከታዩ ምቹ መኪና ነው።

«ቀነኒሳ ወይስ ቼፕቴጌይ?» የሚለው የአስተያየት ሳጥን ጦርነትም ያው ነው። የቀነኒሳ የ2005ቱ የብራስልስ ሰዓት 26:17.53፣ የቼፕቴጌይ የ2020ው የቫሌንሲያ 26:11.00። ልዩነቱ ለ25 ሲካፈል በዙር 0.26 ሰከንድ ነው። ቫሌንሲያ ላይ መሙ ዳር የሚሮጥ መብራት ፍጥነቱን ይመራ ነበር፤ ብራስልስ ላይ መብራት አልነበረም። መብራት ጉልበት አይሰጥም፤ ዙሩ 62 ከዚያ 64 እንዳይል ያደርጋል እንጂ። ጫማውም ተለውጧል። ሩብ ሰከንድ ከዚህ ሁሉ መካከል የማን እንደሆነች በስድብ አትለይም።

ሁልጊዜ ሙሉውን ፈልጋችሁ እዩት የምለው የ1992ቱን ባርሴሎና ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚዞረው የደራርቱ ቱሉና የኤላና ሜየር መተቃቀፍ፣ አብረው ዙሩን ሲዞሩ ነው። ደቡብ አፍሪካ ከ1960 ወዲህ የተመለሰችበት ኦሎምፒክ ስለነበር ምስሉ ይገባዋል። ሩጫው ግን ከዚያ በፊት ነው። ሜየር ተገንጥላ ስትወጣ የተከተለቻት ደራርቱ ነበረች፤ ተከተለቻት እንጂ አልረዳቻትም። ሜየር ምሪ እንደማለት ወደ ጎን ብትወጣላትም ደራርቱ ከጀርባዋ ንቅንቅ አላለችም። ዙር ከዙር ያው ርቀት፣ ያው ትከሻ። ደወሉ ሊደወል ሲል ወጣች፤ 31:06.02። ሜየር ስትገባ ወደ ስድስት ሰከንድ ሊሞላ ምንም አልቀረውም።