ድንበር ሲገፉ ማን ይዳኛቸዋል? የላክስተንን ታሪክ እንዴት እንዳገኘሁት

የምኖረው ኖቲንግሃም ነው። ባለፈው ዓመት የአንዲት የእንግሊዝ ገጠር መንደር ታሪክ በአማርኛ ልጽፍ ተነሳሁና ላክስተንን መረጥኩ። ከኒውዋርክ ከተማ ብዙ የማትርቅ ትንሽ መንደር ናት። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

አጀማመሬ ስህተት ነበር። ከጌቶቹ ጀመርኩ። ከመንደሩ ጫፍ ኖርማኖች የሠሩት ግንብ የነበረበት ትልቅ የአፈር ጉብታ አለ። እሱ ላይ ወጣሁ፣ ፎቶ አነሳሁ፣ መሬቱ ከየትኛው መስፍን ወደ የትኛው እንደተላለፈ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። መልሼ ሳነበው ስለየትኛውም የእንግሊዝ መንደር ሊሆን ይችል ነበር። ገበሬዎቹ ዛሬም አጥር በሌለው የጋራ ማሳ ላይ በየድርሻቸው እንደሚያርሱ አንብቤ ነበርና እሱን ልይ ብዬ በነሐሴ ሄድኩ። ያየሁት አንድ ሰፊ የታጨደ ሜዳ ብቻ ነው። የማን ድርሻ የት እንደሚያልቅ ምንም አይታይም። ቅር ብሎኝ ተመለስኩ።

ማታ ጎጃም ላለው አባቴ ደወልኩ። ዕድሜውን ሙሉ ገበሬ ነው። ስለ መንደሩ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና «ድንበር ሲገፉስ ማን ይዳኛቸዋል?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሁለቱን ገጽ ጣልኩና ከዚህች ጥያቄ ጀመርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላክስተን ሦስት ትልልቅ ማሳዎች አሏት፦ ምዕራብ ማሳ፣ ደቡብ ማሳ፣ የወፍጮ ማሳ። በየዓመቱ አንዱ የክረምት ስንዴ (ከእንግሊዝ የብርድ ወራት በፊት የሚዘራ) ይዘራበታል፣ አንዱ በጸደይ፣ ማለትም ብርዱ ሲያልፍ፣ የሚዘራ እህል፣ ሦስተኛው ያርፋል፣ ከዚያ ይዞራሉ። እያንዳንዱ ገበሬ በሦስቱም ውስጥ እዚህም እዚያም ቁራጭ ድርሻ አለው። ድሮ እንግሊዝ ውስጥ ብዙ መንደር እንዲህ ነበር። ከ1604 እስከ 1914 ግን ፓርላማው ከ5,000 በላይ የማጠሪያ ሕግ አወጣ፣ የጋራ ማሳውም እየተቆራረጠ የግል ሆነ። ላክስተን የተረፈችበት አንዱ ምክንያት መሬቱን የያዙት ሁለት ባላባቶች ስለማጠሩ መስማማት አለመቻላቸው ነው። በኋላ፣ በ1952፣ የግብርና ሚኒስቴር ገዛው፣ በ1981 ወደ ዘውዱ መሬት አስተዳደር አለፈ፣ በ2020 ደግሞ ቶርስቢ የተባለው ርስት ወሰደው።

የአባቴ ጥያቄ መልስ ያለው ኖቬምበር ላይ ነው። በወሩ መጨረሻ ገደማ ከራሳቸው ከገበሬዎቹ መካከል የተመረጡ ዳኞች ስንዴ የተዘራበትን ማሳ ይዞራሉ። የጋራ መንገድ ወይም በድርሻዎቹ መሃል የቀረውን ሣር ያረሰ ካለ ይመዘግባሉ። ከሳምንት በኋላ ዶቭኮት በሚባለው መጠጥ ቤት ችሎት ተቀምጠው ይቀጣሉ። ቅጣቱ ትንሽ ገንዘብ ነው፣ ግን የቀልድ ችሎት አይደለም። እንዲህ ያሉ የድሮ ፍርድ ቤቶች በ1977 ሥልጣናቸውን ሲያጡ የላክስተኑ በሕግ ተለይቶ ቀርቷል።

ያን ቀን ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ዳኞቹ በትራክተር በሚጎተት ጋሪ መጡ። አንዱ ሽማግሌ ወርደው በሁለቱ ድርሻዎች መሃል ቆሙ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በትልሙ አቅጣጫ እስከ ማዶ አዩ፣ ከዚያ በእግራቸው ጭቃውን ረገጥ አድርገው «እዚህ» አሉ። ሌላው ችካሉን በመዶሻ መታው። ስንዴው ገና ጣት አያክልም፤ ሣሩና ቡቃያው የሚለያዩበት መስመር ጥርት ብሎ ይታያል። በነሐሴ ያጣሁት ይሄን ነበር።

እንደኔ መጻፍ የሚፈልግ ካለ፣ ከመሄዱ በፊት ካርታውን ይይ። ማርክ ፒርስ የተባለ ቀያሽ በ1635 የሣለው ካርታ አለ፣ እያንዳንዷ ቁራጭ ድርሻ ተለይታ፣ የሚያርሱ ሰዎች ሳይቀሩ ተሥለውበት። ዋናው ኦክስፎርድ ያለው የቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። እሱን ካዩ በኋላ መንደሩ ራሱ ይገባል። የገበሬዎቹ ቤቶች እዚያው ዋናው መንገድ ዳር ናቸው፣ ብዙዎቹ ጎናቸውን ለመንገዱ ሰጥተው፣ ግቢና ጎተራቸው ከኋላ። በታጠሩት መንደሮች ብዙው ገበሬ ቤቱን ወደ እርሻው ወሰደ፤ እዚህ ግን የሰው ድርሻ በሦስት ማሳ ስለተበተነ ከመሃል መኖር ግድ ነው። ደግሞ ሰዉን «ታሪካችሁን ንገሩኝ» አትበሉ። እኔ ስል ሁሉም ወደ ሙዚየሙ ይመሩኝ ነበር። ስለ ጭቃው፣ ስለ ዘር፣ ስለ ድንበር ስጠይቅ ግን ወሬው አላልቅ አለ።

ለአባቴ መልሱን ልነግረው ደወልኩ። ኤከር የሚባለው መለኪያ ድሮ በበሬ በአንድ ቀን የሚታረሰው መሬት እንደነበር ስነግረው «እንግዲያ ጥማድ ነዋ!» ብሎ ሳቀ። ቀጠለና «ያረፈው ማሳ ላይ የማን ከብት ይገባል?» አለኝ።

እሱን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። በጸደይ እመለሳለሁ።