ሐምቡርግ ተቀምጬ ኮሪያን ስማር

«ለምን ኮሪያ?» ብሎ ያልጠየቀኝ ሰው የለም። የመኖሪያ ፈቃዴን የምታድሰው ሴትዮ ጠይቃኛለች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ስንጠጣ እትዬዎቹ ጠይቀውኛል። እናቴ ደግሞ ስትደውል «እንጀራ ይሆናል ወይ ልጄ?» የምትል ትጨምርበታለች። ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የኮሪያ ጥናት የሚማረውን የባቫሪያ ልጅ ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም። እሱ ስለወደደው ነው የሚያጠናው፣ አለቀ።

የሚያስቀኝ ደግሞ እዚሁ በእኛው የእስያና አፍሪካ ኢንስቲትዩት ሥር የኢትዮጵያ ጥናትም መኖሩ ነው። ማዕከሉ የተሰየመው በሂዮብ ሉዶልፍ ነው፤ በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ጎታ ድረስ መጥተውለት ስለ አገራችን እየጠየቀ ይጽፍ የነበረው ጀርመናዊ። ጀርመኖች እኛን ማጥናት ከጀመሩ ይኸው ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት አለፈ። ባለ አምስት ቅጹ ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካም ከ2003 እስከ 2014 የተዘጋጀው እዚሁ ነው። አንድ ሐበሻ የኮሪያን በር ሲያንኳኳ ግን ሁሉም ይገርመዋል።

ምክንያት ካጣሁ ሰው ራሱ ያዘጋጅልኛል፤ ቃኘው፣ ኮሪያ ጦርነት የዘመተው ጦራችን። «አያትሽ ዘማች ነበሩ?» አልነበሩም። በግንቦት 1951 ፑሳን ወደብ የደረሰው ሻለቃ፣ ተራ በተራ የዘመቱት ከ6 ሺህ በላይ ወታደሮች፣ ሳይመለሱ የቀሩት ከ120 በላይ ጀግኖች፣ ከዚያም በደርግ ጊዜ ከኮሚኒስት ጋር ተዋግታችኋል ተብለው የተገፉት አዛውንቶች፣ ይህ ሁሉ ገና ብዙ ሊጻፍበት የሚገባ ታሪክ ነው። የኔ ርዕስ ግን እሱ አይደለም። ይህን ስናገር ቅር የሚላቸው አሉ፤ ኮሪያውያንም ጭምር። ሐበሻ ኮሪያን ካጠና ራሱን ፍለጋ መሆን አለበት የሚል ያልተጻፈ ሕግ ያለ ይመስላል።

እኔ የማጠናው «ጌ» የሚባለውን ነው። በጆሶን ሥርወ መንግሥት ዘመን (1392–1910) የኮሪያ ገበሬዎችና ባላባቶች ገንዘብና እህል እያዋጡ የሚመሠርቱት ማኅበር ነው። ወላጅ ሲሞት የቀብሩን ወጪ የሚሸፍን አለ። የመንደሩን የጥድ ደን የሚጠብቅ አለ። ለልጆች ትምህርት የሚሆን አለ። መዋጮውን በወለድ እያበደሩ ካፒታሉን ያሳድጋሉ፤ የአባላት መዝገብ አላቸው፣ መተዳደሪያ ደንብም አላቸው። አሁን ሳታስቡት «ዕድር!» አላችሁ አይደል? እኔም ማስተርስ ክፍል መጀመሪያ ስሰማ እንደዚያው ነው ያልኩት።

ስልጠናው የጀመረውም እዚህ ላይ ነው። አማካሪዬ ዕቅዴን አንብባ «ዕድር የሚለውን ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ሁሉ አውጪው» አለችኝ። ተከራከርኳት። እሷ ግን ስለ ዕድር ያለኝን እውቀት አልናቀችም። ጌን በራሱ ሰነድ፣ በራሱ ሰዎች አፍ ሳላውቀው ካመሳሰልኩት የማየው ዕድርን ብቻ እንደሚሆን ነው ያስረዳችኝ። ለምሳሌ በአንዳንድ የመንደር ጌዎች ውስጥ ባላባቱና ተራው ሰው እኩል አይቆጠሩም ነበር። የዕድሩን መነጽር ሳላወልቅ ባነበው ኖሮ ይህን «ሁሉም እኩል ያዋጣል» ብዬ አልፈው ነበር። ዕድር አሁን የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል።

የጀርመን ፒኤችዲ እንደ አሜሪካው ሁለት ሦስት ዓመት ኮርስ የሚወሰድበት አይደለም። ፕሮፌሰር ትይዛለህ፣ ከዚያ ብቻህን ነህ። ያለችው መገናኛ ኮሎኪየም ናት። ጽሑፍህን ቀደም ብለህ ትልካለህ፣ ሰው አንብቦ ይመጣል፣ አንተ ዝም ብለህ ትሰማለህ። ሙገሳ አትጠብቅ። «ይህን በምን አወቅሽ?» ነው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። አገር ቤት ያደግነው መምህር ሲናገር እየጻፍን ነውና፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ፕሮፌሰሯን «እዚህ ጋ አልተስማማሁም» ሲላት ለመልመድ ጊዜ ወስዶብኛል።

ከባዱ ግን ቋንቋው ነው። የመጀመሪያ ዲግሪው ክፍል በኮሪያው የሙዚቃ ቡድን በቢቲኤስ ወዳጆች ጢም ብሎ ነው የሚጀምረው። ሃንሙን የተባለው ትምህርት ሲመጣ ክፍሉ ይሳሳል። ንጉሥ ሴጆንግ የሃንጉል ፊደልን በ1446 ቢያውጅም፣ የተማረው ሰው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ ቁም ነገሩን የሚጽፈው በቻይና ፊደል፣ በጥንታዊው ቻይንኛ ነበር፤ ሃንሙን የሚባለው ይኸው ነው፤ በእኛ ቤት ሁሉም አማርኛ እያወራ ታሪኩ በግዕዝ ይጻፍ እንደነበረው ማለት ነው። የማኅበሮቹ ደንብም በሃንሙን ነው። ሥርዓተ ነጥብ የለውም። ዓረፍተ ነገሩ የት እንደሚያልቅ አንባቢው ነው የሚወስነው።

ሃንሙኑን ስትጨብጥ ደግሞ ጃፓንኛ ይመጣል። ጃፓን ኮሪያን በቅኝ ግዛት ስትይዝ (1910–1945) የገዥው መሥሪያ ቤት የመንደሩን ኑሮ አንድ በአንድ ያስጠና ነበር፤ ስለ ጌ ብቻ የተዘጋጀ ጥናት በ1926 አሳትሟል። ያንን ሳያነቡ ማለፍ አይቻልም፣ አምኖ መቀበልም አይቻልም። ሰው የሚቆጥርህ ሊገዛህ ሲፈልግም ነውና፣ እያንዳንዱን ገጽ በጥርጣሬ ነው የማነበው።

ከመጽሐፍ ያላገኘሁትን ከአንዲት ሃልሞኒ (ኮሪያዊት አያት) አገኘሁ። ምዕራብ ጀርመን ከ1963 ጀምሮ ወደ 8 ሺህ የሚጠጉ የኮሪያ ማዕድን ቆፋሪዎችን፣ ቀጥሎም ከ10 ሺህ በላይ ነርሶችን አስመጥታ ነበር። እኚህ ሴት ከነርሶቹ አንዷ ናቸው፤ ጡረታ ወጥተው እዚሁ ቀርተዋል። ኮሪያኛ እንድለማመድ ቤታቸው ስሄድ ኪምቺ ያቀርቡልኛል፣ እኔ ድርቆሽ እወስድላቸዋለሁ፤ «ይኼማ የኛ ነው» ይላሉ ቃጠሎውን ወደውት። ነርሶቹ በወጣትነታቸው ሆስፒታሉ ማደሪያ ውስጥ ጌ ይጥሉ እንደነበር ነገሩኝ። በየወሩ ያዋጣሉ፣ ተራ የደረሳት ትወስዳለች፣ ገንዘቡ ወንድም ለማስተማር ወደ አገር ቤት ይላካል። የኛ እትዬዎች እዚሁ ከተማ የሚጥሉትን ዕቁብ ስነግራቸው ከሁሉ በፊት የጠየቁኝ «የመጀመሪያውን ዕጣ ወስዳ የጠፋች አለች?» ብለው ነው። የኛዎቹም ስለ ኮሪያዎቹ ስነግራቸው ያንኑ ጠየቁ። ይህን ኮሎኪየም ላይ አቅርቤ «በምን አወቅሽ?» ሲሉኝ መልስ ነበረኝ።

በውስጥ መስመር ለምትጠይቁኝ፦ አዎ፣ ሐምቡርግ የትምህርት ክፍያ የለም፣ የሴሚስተር መዋጮ ብቻ ነው። የለንደኑ ሶአስ ዩኒቨርሲቲ በዘርፉ ስመ ጥር ነው፣ የውጭ ተማሪ ክፍያው ግን አይቀመስም። ላይደን፣ ቦኹም፣ ቱቢንገን፣ ፓሪስ፣ ፕራግ፣ ቪየናም የኮሪያ ጥናት አላቸው። ገንዘብ ከኮሪያ ፋውንዴሽንና ሶንግናም ካለው የኮሪያ ጥናት አካዳሚ መጠየቅ ይቻላል። ጀርመን ለመምጣት ያሰባችሁ ግን ከስኮላርሺፑ በፊት አማካሪ የሚሆናችሁን ፕሮፌሰር ፈልጉ፤ ጥናቶቹን አንብቡና ጥያቄያችሁን በሁለት ገጽ ጻፉላቸው። የአውሮፓ የኮሪያ ጥናት ማኅበር ጉባኤ በየሁለት ዓመቱ ነው፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም የራሳችን ጉባኤ አለን፤ እዚያ ጽሑፍ ለማቅረብ ፒኤችዲ እስክትጨርሱ አትጠብቁ። ጃፓንኛውንም እንደ እኔ ጓደኞች ሦስተኛ ዓመት ላይ አትጀምሩት።