ያለቦታው የመጣ ሳቅ

ከዝግጅት አስተባባሪዎች ደጋግሜ የምሰማት ቃል አለች። «አንተ ምን አለብህ? ቀልድ ጣል ጣል አድርገህ ትወርዳለህ።» ዓመታት መድረክ መርቼም ትቆረቁረኛለች። በቀደም አንዱ ይህንኑ ሲለኝ ዝም ማለት አቃተኝ። የአሜሪካዊውን ቀልደኛ ደራሲ፣ የማርክ ትዌይንን የመጀመሪያ የመድረክ ምሽት ነገርኩት።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 1866፣ ሳንፍራንሲስኮ። ትዌይን ከሃዋይ ደሴቶች የተመለሰ ጋዜጠኛ ነው፤ ኪሱ ባዶ ነው። ስለ ደሴቶቹ ሊናገር ትልቅ አዳራሽ ተከራየ። መግቢያው 1 ዶላር። ማስታወቂያው ላይ «ጣጣው ከምሽቱ 2 ሰዓት ይጀምራል» ብሎ አሳተመ። ሰው የሚያስታውሰው ይህችን ነው። እሱ ግን በዕለቱ እህል አልቀመሰም፤ ፍርሃት ይዞታል።

ማንም ባይስቅስ? ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ ድምፃቸው ጎላ ያሉ ሦስት ወዳጆቹን እንዲስቁለት ለምኖ አስቀመጠ። የአንድ ታዋቂ ሰው ባለቤት ደግሞ በመድረኩ በስተግራ ካለው የክብር መቀመጫ ሆና ታየዋለች። ቀልድ ሲያወራ ወደ እሷ ዞሮ ፈገግ ይላል፤ እሷ ትስቃለች። ስምምነታቸው ይኸው ነው።

አዳራሹ እስከ መተላለፊያው ጢም አለ። ጉልበቱ እየተብረከረከ ጀመረ፤ ቀልዶቹ ያዙለት። መሐል ላይ ግን ቁም ነገር ነበረው፤ ልብ የሚነካ፣ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው። ሰዉ ጸጥ ብሎ አዳመጠ። የመጨረሻዋን ቃል እንደተናገረ ዓይኑ ከሴትየዋ ዓይን ጋር ተጋጠመ። ሳያስበው ፈገግ አለ።

ሴትየዋ ቃሏን ጠበቀች። ሳቋን ለቀቀችው። አዳራሹ በሙሉ ተከተላት። ያ ሁሉ የተለፋበት ነገር የምሽቱ ምርጥ ቀልድ ተደርጎ ተወሰደ። ትዌይንም «ቀልድ አልነበረም» አላለም፤ ዋጥ አድርጎ ቀጠለ።

እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌም ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ከዚያ በኋላ ስንት ክረምት በባቡር ከከተማ ከተማ ተንከራተተ። የመጻሕፍት አሳታሚ ድርጅቱ ከስሮ ዕዳ ሲቆለልበት፣ እ.ኤ.አ. በ1895፣ በ59 ዓመቱ እንደገና ተነሣ። አውስትራሊያ፣ ሕንድ፣ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ሄዶ መድረክ ላይ ቆመ። ዕዳውንም እስከ መጨረሻው ከፈለ።

አስተባባሪው ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ስጨርስ «ሴትየዋ ግን ተመቸችኝ!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ።

እኔ ለሰውየው እንዲያዝንለት ነበር የነገርኩት።