«እጅህን ዘርጋ» አለኝ

ስሙ የተመሰገነ ይሁን! ይህን የምጽፈው በቀኝ እጄ ነው።

ፍኖተ ሰላም ልብስ ሰፊ ነኝ። የካህናቱን ካባ፣ የዲያቆናቱን ቀሚስ የሰፋሁት በዚሁ እጅ ነው። ያን ሌሊት ከክርኔ በታች የሚወጋ ሕመም ቀሰቀሰኝ። ተኝቼበት ደንዝዞ መሰለኝና አሸሁት። ባሰበት። ባለቤቴ መብራት አብርታ ነካችኝ። «በማርያም! በረዶ ሆኗል እኮ!» አለች። መዳፌ ገርጥቷል፣ ጣቶቼ አልታዘዝ ብለውኛል።

ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ ምች ነው አለ፣ ሌላዋ ቅቤ አምጡ አለች። የሄድንበት ክሊኒክ የሕመም ማስታገሻ ወግተው «ነገ ተመለስ» አሉኝ። ተረኛዋ ነርስ ግን፣ እግዜር ይስጣት፣ ተከትላን ወጣች። የግራ አንጓዬን ዳሰሰች። ቀኙን ዳሰሰች፣ ደገመች። «ጋሼ፣ እዚህ ትርታ የለም። ደም ከተቋረጠ ሥጋው የሚቆየው ጥቂት ሰዓት ነው። አሁኑኑ ባሕር ዳር!»

በዚያ ሰዓት መኪና ከየት ይመጣል? ጤፍ የጫነ አይሱዙ ቆመልን።

ቡሬን ስናልፍ እግዚአብሔርን ተቆጣሁት። «የቤትህን ልብስ የሰፋሁበትን እጅ ነው የምታስቆርጠው? ሌላ አጣህ?» አልሁት። ባለቤቴ ዳዊቷን ትደግማለች፤ «እግዚአብሔርም በቀኝ እጅህ በኩል ይጋርድሃል» ላይ ስትደርስ «የቱ ቀኝ እጅ?» ብዬ ጮህሁባት። ዝም አላለችም። እንጅባራን፣ ዳንግላን በጸሎቷ ነው ያለፍነው።

ባሕር ዳር ሐኪሙ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ወዲያው አስጀመረኝና ለሲቲ አንጂዮ ላከኝ። የክንድን የደም ቧንቧ የሚያሳይ ምርመራ ነው። ባለሙያው የአንገቴን መስቀል አይቶ ብረት ምስሉን ያበላሻል አለኝ። ማተቤን? ፊቴን አይቶ ገባው መሰለኝ፣ «ክሩ ይቆይ፣ መስቀሉን ብቻ ፍታው» አለ። የደም ቧንቧውን በምስሉ ላይ የሚያደምቀውን መድኃኒት የሚወጉት በደህናው ክንድ ነው፤ በታመመው በኩል ከገባ ደም መልሱ ላይ ደምቆ ሊታይ የተፈለገውን ይጋርደዋል። ከዚያ ከማሽኑ ወዲያ «ቀኝ እጅህን ወደ ላይ ዘርጋ» አለኝ።

እጁ የሰለለችው ሰውዬ ታወሰኝ። ጌታ በምኩራብ ያለው ይህንኑ አልነበረም? እንባዬ መጣ። በግራ እጄ አንስቼ ዘረጋኋት። መድኃኒቱ ሲገባ ሰውነቴን ትኩስ ነገር ወረረኝ፣ አፌን ብረት ብረት አለኝ፣ ሽንቴ ያመለጠኝ ሁሉ መሰለኝ። ትንፋሽ ያዝ፣ ልቀቅ፤ አለቀ።

ምስሉን በኋላ አሳዩኝ። ደሙ ነጭ መስመር ሆኖ ከብብቴ ይወርዳል፤ ክርኔ ጋ ለሁለት ሳይከፈል ቁርጥ ይላል። ቦታው ስለታወቀ ክንዴን ብቻ አደንዝዘው ትንሽ ከፈቱ፤ ጫፉ ላይ ፊኛ ባለው ቀጭን ቱቦ የረጋውን ደም ጎትተው አወጡ። ጣቶቼ ሲሞቁ ያመመኝ ሕመም! እልል ያልሁበት ሕመም እሱ ብቻ ነው።

የረጋው ደም የመጣው ከልቤ ነው። በልጅነቴ ሳይታከም የቀረ የቶንሲል ሕመም የልቤን በር፣ ቫልቩን፣ ጎድቶት ኖሯል። ልጆቻችሁን ጉሮሯቸውን ሲያማቸው አሳክሙ። ወራቱ ደም እንዳይረጋ በሚያደርገው ኪኒን፣ በዋርፋሪን፣ እና በደም ምርመራ አለፈ።

ለእመቤቴ የተሳልሁትን ጥላ ሰፍቼ ጨርሻለሁ፣ ለጥር 21 አስገባለሁ። የአይሱዙው ወንድሜ፣ ይህን ካነበብህ ለንግሡ ና። ስምህን እንኳ ሳልጠይቅህ ነው የተለያየነው።