ብራና ያሳበደው ሰውዬ፦ ወደ ብሮድዌይ ማማ

ከኦክስፎርድ በባቡር ተነስቼ ሞርተን-ኢን-ማርሽ ወረድኩ፤ ከዚያ በአውቶቡስ ብሮድዌይ። መንደሯ በኮትስዎልድስ ኮረብቶች ግርጌ ናት። ወደ ማማው የሚወስደው ዳገት በጎች በሚግጡበት ሜዳ ያልፋል። ትንፋሽ ያሳጥራል።

ማማው በ1790ዎቹ መጨረሻ ለጌጥ የተሠራ ግንብ ነው። ሰው የሚመጣው ለእይታው ነው። እኔን ያመጣኝ ግን የእጅ ጽሑፍ ሰብሳቢው ሰር ቶማስ ፊሊፕስ ነው፤ ከ1822 ገደማ ጀምሮ የግል ማተሚያ ቤቱን እዚህ አቋቁሞ ነበር። መኖሪያው ሚድል ሂልም ቅርብ ነው፤ የግል ቤት ስለሆነ ከሩቅ ማየት ነው።

በ1872 ሲሞት 60 ሺህ ያህል የእጅ ጽሑፎች ነበሩት። የሬሳ ሣጥን በሚመስሉ ሣጥኖች ነበር የሚያስቀምጣቸው፤ እሳት ቢነሳ ከነሣጥኑ አፍሶ ለመውጣት። ወረቀት መጣል አያውቅም። የላካቸውና የደረሱት ደብዳቤዎች፣ የዕዳ ሂሳቦቹ ሳይቀሩ ኦክስፎርድ፣ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት አሉ። ነጋዴዎች ለዱቤያቸው ይወተውቱታል፤ እሱ ያንን ሳይከፍል ሌላ ያዝዛል።

ምን ነክቶት ነው? ራሱ ጽፎታል። በዘመኑ ወርቅ ቀጥቃጮች አሮጌ ብራና ለሥራቸው ይጨርሱት ነበር። የድሮ ውሎችና ሰነዶች ደግሞ ሙጫ ሠሪና ልብስ ሰፊ እጅ ይጠፋሉ። ስለዚህ የተጠየቀውን ዋጋ ሁሉ እሺ አለ፤ ዋጋው ከናረ ማን ያጠፋዋል? ቆዳ ተወጥሮና ተፍቆ ብራና እስኪሆን ያለውን ድካም ስለማውቅ፣ እዚህ ላይ ልቤን ወሰደው።

ለጎረቤትነት ግን አልመኘውም። ሴት ልጁ ሄንሪታ ያለፈቃዱ ጄምስ ሃሊዌልን አገባች። ሚድል ሂል በውርስ ለእነሱ እንደሚያልፍ ስላወቀ ዛፎቹን አስቆረጠ። ከ1863 ጀምሮ ደግሞ መጻሕፍቱን ከ100 በላይ ጋሪ አስጭኖ ቼልተንሃም ወዳለ ቤት አጋዘ። ኑዛዜው ሄንሪታም፣ ባሏም፣ የትኛውም ካቶሊክ እዚያ እንዳይገባ ይከለክላል። ካቶሊክ አይወድማ!

ወራሾቹ በፍርድ ቤት ፈቃድ መሸጥ ጀመሩ፤ ሽያጩ ከ100 ዓመት በላይ ፈጀ። በርሊንና ብራስልስ ገና በ1880ዎቹ ድርሻቸውን ገዙ። አሁን ካቶሊኩም እንደልቡ ያነባቸዋል።